ከብየዳው አጠገብ

የእህቴ ልጅ ብስክሌቱን እየነዳ ሳይሆን በትከሻው ተሸክሞ ከግቢዬ የገባው በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ነበር። ፈረሰኛ ፈረሱን እየሳበ ሲመጣ ያየ ሰው አንድ ነገር እንደ ደረሰ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ለብስክሌተኛም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ልጁ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳያደርስ ብስክሌቱን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፎ፣ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ተነሥቼ ስረግጠው ሲጢጥ ይላል፤ ኩሽኔታው ነው ብዬ ፈትቼ ግራሶ ቀባሁት፤ ድምፁን አልተወም። እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የብረታ ብረት ሥራ መምህር ሆኜ ያገለገልሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከቤቴ ጓሮ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ በውስጧም አንድ ሞርሳ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ ጥቂት ሞረዶችና ከሥራ ስሰናበት በቁጠባዬ የገዛሁት ያገለገለ የአርጎን ብየዳ መሣሪያ ይገኛሉ። የሰፈሩ ሰው የተሰበረ በር፣ የተቀደደ ባልዲ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር ያመጣልኛል። እንደዚያ ቀን ያለ ዕቃ ግን መጥቶልኝ አያውቅም ነበር።

ብስክሌቱ ለመንገድ ላይ እሽቅድምድም የተሠራ የአሉሚኒየም ብስክሌት ነው። በሚዛን ብሰቅለው 8 ኪሎ ከ100 ግራም ሆነ። በአንድ እጄ ሳነሣው ክንዴ ከጠበቀው በላይ ወደ ላይ ስለ ሄደ ራሴን ታዘብሁት፤ ዓይን ወፍራም ነገር ሲያይ እጅ ለከባድ ነገር ይዘጋጃልና። ቱቦዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከመሪው ሥር ተነሥቶ ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ዋናውን ቱቦ በካሊፐር ብለካው 46 ሚሊ ሜትር ደረሰ። በወጣትነቴ የነዳሁት የጣሊያን ብስክሌት ይኸው ቱቦ 28 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ነው፤ ያም ሆኖ የኔው ብስክሌት 11 ኪሎ ይመዝናል። ወፍራሙ ቀላል፣ ቀጭኑ ከባድ መሆኑ በመጀመሪያ እይታ ግራ ያጋባል። ነገሩ የገባው ሰው ግን አንድ ውበት ያይበታል፤ ስለዚህ ከታሪኩ ጥቂት ላውጋ።

አሉሚኒየም በምድራችን ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ሁሉ በብዛቱ አንደኛ ነው፤ የቅርፊቱ ስምንት ከመቶ ያህል እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከኦክሲጅን ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ ለብቻው ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለዩበትን አንድ ዓይነት ዘዴ አገኙ። ከዚያ በፊት የከበረ ማዕድን ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ነገር ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ድስትና ወደ ማንኪያ ወረደ። ብስክሌት ሠሪዎችም ብዙ አልዘገዩም፤ በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የአሉሚኒየም ብስክሌት የሞከሩ ነበሩ። ዳሩ ግን ንጹሑ አሉሚኒየም ለስላሳ በመሆኑ የሰውን ጉልበትና የመንገዱን ጉድጓድ የሚችል አልነበረም።

ለስላሳውን ያጠነከረው እውቀት እንደ አጋጣሚ የመጣ ነው። ጀርመናዊው የብረታ ብረት ሊቅ አልፍሬድ ዊልም እ.ኤ.አ. በ1906 አሉሚኒየምን ከጥቂት መዳብና ማግኒዚየም ጋር ቀላቅሎ አጋለው፤ በውሃም በድንገት አቀዘቀዘው። ወዲያው ሲለካው የተመኘውን ጥንካሬ አላገኘበትም። ትቶት ሄዶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለስ ግን ያው ዕቃ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠንክሮ ቆየው። ብረቱ በዕረፍቱ ጊዜ በውስጡ ሥራ ይሠራ ኖሯል፤ የተቀላቀሉት ንጥረ ነገሮች ዓይን በማያያቸው ደቃቃ ቅንጣቶች ተለይተው በየቦታው እየቆሙ ብረቱ እንዳይንሸራተት እንደ ችካል ያዙት። አውሮፕላንም ሆነ ዛሬ የምንነጋገርበት ብስክሌት የቆሙት በእነዚህ ችካሎች ላይ ነው።

በእሽቅድምድም ዓለም የአሉሚኒየም ቴላዮ በሰፊው መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የጣሊያኑ አላን ኩባንያ ቱቦዎቹን በጥርስና በማጣበቂያ እያያዘ ሠራ። የፈረንሳዩ ቪቱስ 979 በሚል ስም ያወጣው ቀላል ቴላዮ የአየርላንዱ ሾን ኬሊ በ1980ዎቹ ብዙ ድል ያገኘበት ነው። እነዚህ ግን ቀጫጭን ቱቦዎች ስለ ነበሩአቸው ከበድ ያለ ጋላቢ ሲረግጣቸው ይወዛወዙ ነበር ይባላል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ የአሉሚኒየም ክብደት ከብረት ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ነው፤ መታጠፍን የመቋቋም ጠባዩም እንዲሁ ሲሶ ነው። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሣል። መላው የተገኘው ቱቦውን በማስፋት ነው። የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ መታጠፍን የሚቋቋምበት ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ያድጋል። በአሜሪካ ጌሪ ክላይን የተባለ መሐንዲስ በ1970ዎቹ ይህን መንገድ ያዘ፤ ካነንዴል የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1983 ሰፋፊ ቱቦ ያለውን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1998 ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ የጣሊያንንና የፈረንሳይን ዙር በአንድ ዓመት ሲያሸንፍ የተቀመጠበት የቢያንኪ ብስክሌት አሉሚኒየም ነበር። ከዚያ በኋላ የካርቦን ፋይበር በታላላቆቹ ውድድሮች ቦታውን ወሰደበት። ይሁን እንጂ ካርቦን ለመግዛት አቅም ለሌለውና ጥሩ ብስክሌት ለሚሻ ወጣት፣ አሉሚኒየም እስከ ዛሬ ታማኝ ወዳጅ ሆኖ ቆይቷል።

የእህቴም ልጅ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። ብስክሌቱን ያገኘው በእናቱ እቁብ ነው። እህቴ የጉልት ሥራዋን እየሠራች የምትጥለው እቁብ ዕጣው ሲደርሳት፣ ቤቷን እንደምታድስበት ስንጠብቅ፣ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ያገለገለ ብስክሌት እንደሚሸጥ ልጁ ነገራት። አላመነታችም። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣላት በመሆኑ ገና ብዙ ጊዜ ትከፍላለች። ልጁም በዚያ ብስክሌት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል፣ ጧት ጧት ወደ እንጦጦ እየወጣና እየወረደ፣ በአንድ ክለብ ዓይን ውስጥ ገባ። ሊመረጥበት የሚችለው ውድድር በመጣበት ቀን አሥራ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ጎማዎቹን አውልቀን ቴላዮውን ብቻ በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳው ለቀቅ አድርጌ ያዝሁት። ዋናው ቱቦ ከመሪው አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከበታች በኩል፣ ፀጉር የመሰለች ጥቁር መሥመር ታየችኝ። ልጁ፣ «እርስዋ የቀለም ጭረት ናት፤ ከቆየች ቆይታለች» አለ። ጭረት መሆንዋንና አለመሆንዋን የሚለይ አንድ የድሮ ዘዴ አለ። ቦታውን አጥቤ ነጭ ጋዝ ቀባሁት፤ ጥቂት ጠብቄ በደረቅ ጨርቅ አጥርቼ ጠረግሁት፤ ከዚያም ለሠላሳ አንድ ዓመት ከእጄ ያልተለየውን ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስሁበት። ጭረት ቢሆን ጋዙ ከላይ ተጠርጎ ያልቃል፤ ስንጥቅ ቢሆን ግን የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ዝም ብለን ቆምን። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በነጩ ጠመኔ ላይ እርጥብ መሥመር ቀስ ብላ ወጣች። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። የወጣችውም በብየዳው ላይ አልነበረም፤ ከብየዳው አጠገብ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብላ፣ የብየዳውን ጠርዝ እየተከተለች ነበር።

ልጁ አየ፤ ገባውም። ከዚያም እንደ ማንኛውም ወጣት ወዲያው መፍትሔውን ተናገረ። «ጋሼ፣ አርጎን አለዎት አይደለም? ዛሬ ቢበይዱልኝ ነገ ልምምዴን እቀጥላለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ ከመናገሬ በፊት ወደ 1986 ዓ.ም. ልመልስህ። ያን ጊዜ ገና ወጣት መምህር ነበርሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ የአርጎን ብየዳ መሣሪያ አግኝቶ፣ በእርሱ ላይ እንድሠለጥን ከተመረጡት አንዱ እኔ ሆንሁ። አሉሚኒየም መበየድ ለበያጅ የመጨረሻው ፈተና ነው። ብረት ሊቀልጥ ሲል ይቀላል፤ ቀጥሎም ይነጣል፤ ለሠራተኛው ምልክት ይሰጠዋል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ በድንገት ይፈስሳል። ከላዩ የሚሸፍነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ብረት በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቆዳውን ሰብሮ ሥጋውን ሳያፈስ የሚበይድ እጅ የተመሰገነ ነው። እኔም ያን እጅ አገኘሁ ብዬ ኮራሁ። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የሚሄድ ብየዳ መሥራት ቻልሁ፤ ተማሪዎቼም ዙሪያዬን ከብበው ያደንቁ ነበር።

በዚያ ሰሞን የትምህርት ቤቱ የአሉሚኒየም መሰላል አንድ እግሩ ተሰነጠቀ። ለኔ ተሰጠኝ፤ በየድሁት። እንዲያ ያለ ብየዳ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ የሠራሁ አይመስለኝም። ሁለት ወር ቆይቶ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የነበሩ አረጋዊ የጣሪያውን አሸንዳ ሊጠርጉ በዚያ መሰላል ወጡ። መሰላሉ ተሰበረ። ሦስት ሜትር ከሚያህል ከፍታ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ወደቁ፤ የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያለ ከዘራ አልሄዱም።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ምን እንደምላቸው ሳላውቅ ከአልጋቸው ራስጌ ቆምሁ። እርሳቸው ግን ፊቴን አይተው ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ልጄ፣ አትዘን፤ ያንተ ብየዳ እኮ አልለቀቀም። የተሰበረው ከአጠገቡ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስብራቱን ሄጄ ባየው ብየዳዬ እንደ ተዋበ፣ እንደ ተሰካካ አለ፤ መሰላሉ የተቆረጠው ከእርሱ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነበር። ሽማግሌው ለማጽናኛ የተናገሩት ቃል ለኔ ፍርድ ሆነብኝ። ብየዳዬ ያልለቀቀው እኔው አጠገቡን ስላደከምሁት እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ንባብ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ጥቃቅን ችካሎች ከሙቀት ጋር ጠበኞች ናቸው። በልክ የተመጠነ ሙቀት ይተክላቸዋል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ይነቅላቸዋል። በእህቴ ልጅ ብስክሌት ላይ የተጻፈው 6061 የሚለው ቁጥር ማግኒዚየምና ሲሊኮን የተቀላቀለበትን አሉሚኒየም ያመለክታል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቲ6 የሚለው ምልክትም ብረቱ ያለፈበትን ሥርዓት ይናገራል። በፋብሪካ ቴላዮው ተበይዶ ካለቀ በኋላ በሙሉ ወደ ምድጃ ይገባል፤ እስከ 530 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ በድንገት ይቀዘቅዛል። በዚያች ሰዓት ለስላሳ ስለሚሆን ጠማማው ይቃናል። ከዚያም ከ200 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ ችካሎቹም በየቦታቸው ይተከላሉ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ በአንድ ጥግ ላይ የብየዳ እሳት ቢያነድድበት፣ በዚያ ጥግ ዙሪያ ያለው ብረት ወደ ቀድሞ ልስላሴው ይመለሳል፤ ጥንካሬውም ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ከላይ ሲታይ አያስታውቅም። ያበራል፤ ያምራል። እኔ ጓሮ ያለው ምድጃ ማረሻ የሚያግል እንጂ ቴላዮን በዲግሪ ለክቶ የሚያበስል አይደለም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ብረት አንድ ወሰን አለው፤ ከዚያ ወሰን በታች የሆነ ጫና ቢደጋገምበትም ዕድሜ ልኩን ይችላል። አሉሚኒየም ይህን የመሰለ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ርግጫ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ ትንሽም ቢሆን ከዕድሜው ይቀንሳል። ጥሩ መሐንዲስ ይህን ስለሚያውቅ ዕድሜው ከጋላቢው ፍላጎት እንዲረዝም አድርጎ ይነድፈዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡ አይሰረዝም። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች ሁለቱ በወራት ልዩነት በአየር ላይ ተበታትነው ብዙ ሕይወት ሲጠፋ፣ መርማሪዎች አንዱን አውሮፕላን ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን ደጋግመው በመጨመርና በመቀነስ ምክንያቱን አገኙ። የአሉሚኒየሙ ገላ ደክሞ ነበር። ስንጥቅ አንዴ ከጀመረ በኋላ በየርግጫው እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያርፍም። ሲጢጥ የሚለው ድምፅ ይህ ነበር።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ፣ «አልበይድልህም» አልሁት።

ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ስለ ችካሎቹ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ መሰላሉ ሁሉ ነገርሁት። የእንጦጦን ቁልቁለት በሰዓት ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ሲወርድ የመሪው አንገት ከቴላዮው ቢለይ ምን እንደሚሆን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ሲጨርስ ግን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን መሰላል እየፈሩ ነው። እርስዎ ካልበየዱልኝ ምናለሽ ተራ የሚበይድልኝ አይጠፋም» ብሎ ቴላዮውን ከሞርሳው አውልቆ ሄደ። ማታ እህቴ መጣች። አልተቀመጠችም። «ወንድምጋሼ፣ ለጎረቤት ባልዲ ትበይዳለህ፤ ለእኔ ልጅ እጅህ ከበደህ?» አለችኝ። ባልዲ ቢፈስ ውሃ ነው የሚፈስሰው ልላት ፈለግሁ፤ ዕንባዋን ሳይ ተውሁት።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ያለው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ መሰላሉን እፈራ ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ሁሉ ከንቱ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አንዳንዱ ፍርሃት በሌላ ሰው አጥንት የተገዛ እውቀት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ሰው ከዘራ ይዞ ሲሄድ እያዩ ያን እውቀት መጣል ሁለተኛ በደል ይሆናል። ሆኖም እምቢ ማለት ብቻውን የመምህር ሥራ አይደለም። «አይሆንም» ያለ ሰው «ታዲያ ምን ይሁን?» ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል።

በማግሥቱ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ አቧራ የጠጣውን የራሴን ብስክሌት አወረድሁ። በ1968 ዓ.ም. ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት፣ ቱቦዎቹ በነሐስ የተያያዙ የብረት ቴላዮ ያለው የጣሊያን ሥሪት ነው። በእሽቅድምድም ብስክሌት ረገድ አገራችን ከዚያ ዘመን በፊትም የምትኮራበት ታሪክ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስንገባ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞቻችንም ተሰልፈው ነበር። እኛ በወጣትነታችን ስለ እነርሱ እያወራን ነበር የምንጋልበው። ዛሬ ልጆቹ የሚያወሩት እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ በፈረንሳይ ዙር ስለ ተሳተፈው ስለ ጽጋቡ ግርማይ ነው። የሁላችንም ብስክሌት እንግዲህ የአንድ ረጅም ሰልፍ አካል ነው።

ልጁ ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ምናለሽ ተራ ሄዶ ነበር። የበያጁን ሙያ ሳላደንቅ አላልፍም፤ ስንጥቁን ካየ በኋላ፣ «እበይድልሃለሁ፤ ግን እኔ ብሆን አልቀመጥበትም» ብሎ እውነቱን ነገረው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቃል ሲናገሩ ወጣት እንኳ ቆም ይላል። እኔም የድሮውን ብስክሌት አሳየሁትና ሥራ ጀመርን። የአዲሱ የኋላ ጎማ ሰፊ በመሆኑ 130 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ የኔ ቴላዮ ያለው 120 ብቻ ነበር። ባለ ጥርስ ዘንግና ዳዶ አስገብተን፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሰፋን፣ ሁለቱ ወገን እኩል መሆኑን በክር እየለካን፣ ብረቱ ወደምንፈልገው ቦታ እስኪመጣ ገፋነው። ብረት ይህን ይፈቅዳል፤ ይታጠፋል፤ ከታጠፈበትም ላይ ይኖራል። አሉሚኒየም ቢሆን ሌላ ስንጥቅ በወለድን ነበር። ጎማዎቹን፣ ማርሹን፣ ካቴናውን፣ ኮርቻውን ወደ አሮጌው አዛወርን። ሲያልቅ 9 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ።

በውድድሩ ቀን ከመንገዱ ዳር ቆሜ ነበር። የጀግና ታሪክ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ አዝናለሁ። ከስድሳ ከሚያህሉ ብስክሌተኞች መካከል ሃያ ሦስተኛ ወጣ፤ አልተመረጠም። በዳገቱ ላይ ፊተኞቹ ትተውት ሲሄዱ አየሁ። አንድ ኪሎ ከግማሽ ትርፍ ክብደት ተሸክሞ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ አፉን ከፍቶ ሲረግጥ ዓይኑ ዓይኔን አገኘ፤ ምን እንዳሰበ አላውቅም። በቁልቁለቱ ላይ ግን ያለ ፍርሃት ሲወርድ አየሁት፤ እኔም ያለ ፍርሃት አየሁት። እህቴ እስከ ገና ድረስ አላናገረችኝም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የተሰነጠቀው ቴላዮ እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ሳለ አንድ ነጋዴ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ሰጠ። ስንጥቁን አይቷል። «ስቱኮ ይመታል፤ ቀለም ይቀባል፤ ማን ያውቃል?» አለ። የእቁቡ ዕዳ ገና አላለቀምና እህቴ ፈቀደች። በዚያ ሰዓት እኔ ብናገር ቃሌ ከግድግዳ ባልተሻለ ነበር። የተናገረው ልጁ ነው። ነጋዴው በነጋታው ገንዘቡን ይዞ ሊመለስ ሲል፣ ልጁ ቴላዮውን እንደ መጀመሪያው ቀን በትከሻው አድርጎ ወደ እኔ ዘንድ አመጣውና፣ «ጋሼ፣ ሴጌቶ ይስጡኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ራሱ በሞርሳው አሰረው። ልረዳው ብጠጋ በእጁ ከለከለኝ። ዋናውን ቱቦ መሐል ለመሐል ሲቆርጠው የጥርሱ ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ ነጭ ብናኝ በጫማው ላይ ወረደ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ በየጧቱ በጨርቅ ሲወለውለው የኖረውን ነገር ነው። ሲለያይ ግድግዳውን በካሊፐር ለካን፤ በጫፉ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ መሐሉ ላይ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሚበየድበት ቦታ ወፈር፣ ጫናው የሚቀንስበት ቦታ ሳሳ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጁ የቱቦውን ውስጥ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይህን ሁሉ አስበውበት ኖሯል» አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። የእቁቡን ቀሪ ክፍያ ከጡረታ ደመወዜ ላይ ግማሹን እኔ እንድከፍል ከእህቴ ጋር የተስማማነው በዚያው ሳምንት ነው፤ እርስዋም እንደ ገና ቡና ጠራችኝ።

ስለ ውበት በሚጽፉና በሚያስተምሩ ሰዎች መጽሔት ላይ ይህን ማውጋቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ መምህራን የተማሪውን ሥራ ስናርም ዓይናችን የሚያርፈው ስፌቱ ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ የሠራተኛው እጅ ጎልቶ በታየበት ቦታ ላይ ነው። ሠዓሊውም ስለ መሥመሩ፣ ጸሐፊውም ስለ ሐረጉ ይመሰገናል። እኔ በዕድሜዬ የተማርሁት ግን እሳታችን የነካው ነገር እኛ ከሠራንበት ቦታ አልፎ እንደሚሄድና፣ ድካሙ የሚታየውም ማንም ከማያመሰግነው ቦታ ላይ መሆኑን ነው።

የቴላዮውን አብዛኛውን ክፍል ልጁ ምናለሽ ተራ ወስዶ በኪሎ ሸጠው። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል አምስት ከመቶ በሚያህለው መልሶ ማቅለጥ ይቻላልና፣ ዛሬ በአንዲት እናት ምድጃ ላይ ድስት ሆኖ ሽሮ ይንተከተክበት ይሆናል። የመሪውን አንገትና ስንጥቁን የያዘውን ቁራጭ ግን አስቀርቼ ለቀድሞው ትምህርት ቤቴ ሰጠሁ። አሁን በእኔ ቦታ የሚያስተምረው ወጣት መምህር በየዓመቱ መጀመሪያ ቁራጩን በክፍሉ ውስጥ ያዞረዋል። ስንጥቁን በወረቀት ይሸፍንና፣ «ይህ ዕቃ የሚሰበረው ከየት ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለፈው መስከረም ጋብዞኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተመለከትሁ። ቁራጩ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ፤ ሁሉም ጣታቸውን ያሳረፉት ብየዳው ላይ ነበር። እኔም በእነርሱ ዕድሜ ያሳረፍሁት እዚያው ነው።